ብርዝ፣ ጠጅ፣ አረቄ፦ የአንድ ቤተሰብ ፖርትና ደረቅ ወይን እንዴት ይቀመሳል?

ፖርት፣ ጣፋጩና ጠንካራው የፖርቱጋል ወይን፣ መጀመሪያ የቀረበልኝ በመለኪያ ነበር። እንደ አረቄ ገልበጥ አደረግኩት። ጣፈጠኝ፣ ደረቴን አሞቀኝ፣ አለቀ። ምን ጠጣህ ብባል "ጣፋጭ ነገር" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያውም ከአሥር ቤት አሥር ጠርሙስ በመቅመስ አይደለም። የአንድን ቤተሰብ ጠርሙሶች፣ ደረቁንም ጣፋጩንም፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ነው። ሸለቆው አንድ፣ ፍሬው ዘመዳሞች፣ ጠማቂው አንድ። ስለዚህ በብርጭቆዎቹ መካከል የምታገኙት ልዩነት በአብዛኛው ከአሠራሩ የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ምሽት እናንተም ቤታችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ለምሳሌ የያዝኩት ኒፖርትን ነው። ፖርት ከሚሠራበት የፖርቱጋል ወንዝ ሸለቆ፣ ከዶውሮ፣ ሌላ ቤተሰብ ብትመርጡም አካሄዱ አይለወጥም፤ ደረቅ ወይንም ፖርትም የሚሠራ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ

ኒፖርት በ1842 የተመሠረተ ነው። ቤተሰቡ ከኔዘርላንድ የመጣ ነው። ስሙ "ፖርት" ብሎ ማለቁ አጋጣሚ ነው፤ የቤተሰቡ መጠሪያ ነው እንጂ የወይኑ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ሥራቸው ፖርት ከገበሬ እየገዙ ማስረጀት፣ መደባለቅና ወደ ውጭ መላክ ነበር። የራሳቸው የወይን እርሻ እንኳ አልነበራቸውም። አምስተኛው ትውልድ ዲርክ ኒፖርት ወደ ሥራው የገባው በ1987 ነው። ኪንታ ደ ናፖሌስ የተባለውን እርሻም የገዙት በዚያው ዓመት ነው። ኪንታ ማለት እርሻና ቤቱ አንድ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ደረቅ ወይን ላይ በረቱ። ሬዶማ የተባለው ቀይ ወይናቸው የመጀመሪያ ምርቱ የ1991 ነው። ያኔ ዶውሮ ሲባል ሰው የሚያስበው ፖርትን ነበር። ባርካ ቬልያ የተባለው ዝነኛ ደረቅ ቀይ ከ1952 ጀምሮ ቢኖርም፣ እሱ ብቻውን የቆመ ዛፍ ነበር።

ሌላም ለውጥ ረድቷል። ፖርት ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ የሚላከው ከወንዙ አፍ፣ ከፖርቶ ከተማ ማዶ ካለችው ከቪላ ኖቫ ደ ጋያ መጋዘኖች ብቻ ነበር። በ1986 ይህ ተነሣ። ላይኛው ሸለቆ ያለ ቤተሰብ የራሱን ፖርት እዚያው አሽጎ መላክ ቻለ። ዛሬ ገበያ ላይ ይህን ያህል የቤተሰብ ስም የምታዩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በነገራችን ላይ ፖርቱጋሎች የወንዙን ስም ሲጠሩት "ዶሩ" ለማለት ትንሽ ነው የሚቀራቸው። እኔ መጀመሪያ ስሰማ የሰማሁት ዶሮ ነው።

ብርዝን የሚያውቅ ፖርትን ያውቃል

ማር በውሃ ሲበረዝ ብርዝ ነው። ጌሾ ገብቶ እየፈላ ሲሄድ እርሾው የማሩን ስኳር ይበላዋል። ጣፋጩ ይቀንሳል፣ አልኮሉ ይጨምራል። እስከ መጨረሻ ከተተወ ደረቅ ጠጅ ይሆናል።

የወይን ጭማቂም እንደዚያው ነው። እስከ መጨረሻ ከፈላ ስኳሩ አልቆ 13 በመቶ አካባቢ አልኮል ያለው ደረቅ ወይን ይወጣል። አሁን ገና ግማሽ መንገድ ላይ እያለ፣ ጣፋጩም ሳያልቅ፣ ጋኑ ውስጥ ጠንካራ አረቄ ቢደፋበት ብላችሁ አስቡ። እርሾው ይሞታል። ያልተበላው ስኳር እዚያው ይቀራል። ፖርት ይኸው ነው። የሚደፋበት ከወይን የወጣ 77 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ ነው። በተለመደው ልክ ለ435 ሊትር ጭማቂ 115 ሊትር አረቄ ይገባል። የመጨረሻው መጠጥ ከ19 እስከ 22 በመቶ ይደርሳል።

ስለዚህ "ስኳር የጨመሩበት ወይን" የሚላችሁን አትስሙት። ጣፋጩ የራሱ የፍሬው ነው።

አንድ ችግር ግን አለ። ፍላቱ በሁለት ሦስት ቀን ስለሚቋረጥ ቀለሙንና ጥንካሬውን ከልጣጩ ቶሎ ማውጣት ያስፈልጋል። ላጋር የሚባል ሰፊ የድንጋይ ገንዳ ውስጥ በእግር የሚረገጠው ለዚህ ነው። የሰው እግር ልጣጩን ይፈጫል፣ መራራውን ዘር ግን አይሰብርም። መጀመሪያ ሰዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው እንደ ሰልፈኛ ይረግጣሉ። ቀጥሎ "ነፃነት" የሚሉት ሰዓት ይመጣና ሙዚቃ ተከፍቶ እንደልብ ይጨፈራል። ዛሬ ማሽን የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፤ በእግር መርገጥን ያልተዉ ቤቶችም ግን አሉ።

ደረጃ 1፦ ጠርሙሶቹን ምረጡ

አራት ጠርሙስ ይበቃል። ስድስት ካመጣችሁ ከአምስተኛው በኋላ ማንም ምላሱን አያምንም።

አንደኛ፣ ደረቅ ነጭ፤ ነጩ ሬዶማ ጥሩ ነው። ሁለተኛ፣ ደረቅ ቀይ። ቀዩ ሬዶማ ከበዛባችሁ የዚሁ ቤት ቀለል ያለ ቀይ አለ። ጀርመን አገር ፋቤልሃፍት ይባላል፣ ፖርቱጋል ውስጥ ዲያሎጎ ነው፤ በየአገሩ ስሙና ጠርሙሱ ላይ ያለው የሥዕል ታሪክ ይለያያል። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ ያያችሁት ስም ሌላ ቢሆን አትደናገጡ። ሦስተኛ፣ ኤልቢቪ ፖርት፤ "ዘግይቶ የታሸገ ቪንቴጅ" የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው። አራተኛ፣ ቶኒ ፖርት፣ 10 ዓመት የሚለው።

እነዚህ ሁለቱ የፖርት ስሞች ቁልፍ ናቸው። ፖርት ሁለት የእርጅና መንገድ አለው። አንዱ በትንሽ የእንጨት በርሜል፣ ሌላው አየር እምብዛም በማያስገባ ትልቅ ጋን ወይም በጠርሙስ። በርሜል አየር ያስገባል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ቀዩ ቀለም ይሸሻል፣ ወደ ሸክላና ወደ ማር ይሄዳል። ጣዕሙም ከትኩስ ፍሬ ወደ ለውዝና ወደ ደረቀ በለስ ይዞራል። ቶኒ ይህ ነው። 10፣ 20፣ 30፣ 40 የሚለው ቁጥር ብዙ ዓመታት ተደባልቀው የደረሱበትን ባሕርይ ይነግራል። የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ሆኖ ቢያንስ 7 ዓመት በርሜል ውስጥ ከቆየ ደግሞ ኮልዬይታ ይባላል።

በሌላው ወገን ሩቢ፣ ኤልቢቪና ቪንቴጅ አሉ። እነዚህ የፍሬውን ቀለምና ጉልበት ይጠብቃሉ። ኤልቢቪ የአንድ ዓመት ምርት ሲሆን ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታሸጋል። ቪንቴጅ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ይታሸግና የቀረውን ዕድሜ ጠርሙስ ውስጥ ያሳልፋል። በየዓመቱ አይሠራም፤ ቤቶቹ ጥሩ ዘመን ነው ሲሉ ብቻ ነው። 2011፣ 2016 እና 2017 እንዲህ ያሉ ዓመታት ነበሩ።

ኒፖርት ሦስተኛ መንገድም አለው፤ ጋራፌይራ ይባላል። ጥቂት ዓመት በርሜል ውስጥ፣ ከዚያ ለረጅም ዓመታት 10 ሊትር አካባቢ በሚይዝ ድብልብል የመስታወት ገንቦ ውስጥ ይቀመጣል። ኪሳችሁ ከቻለ ሞክሩት። የእኔ ችሎ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ በሰው ግብዣ ነው የቀመስኩት።

ሱቅ ውስጥ ሦስት ነገር እዩ። የጠርሙሱ አንገት ላይ የዶውሮና ፖርት ወይን ኢንስቲትዩት የማረጋገጫ ወረቀት መኖሩን። ቶኒ ከሆነ የታሸገበትን ዓመት። እና ቡሹን። ቡሹ የፕላስቲክ ቆብ ያለውና በእጅ የሚነቀል ከሆነ ወይኑ ለመጠጣት ዝግጁ ነው፤ ማቆየቱ አያሻሽለውም። በመንቀያ የሚወጣ ረጅም ቡሽ ካለው ግን ጠርሙስ ውስጥ ሊያረጅ የሚችል ሊሆን ይችላል።

ይህን ባለማወቄ አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። ሻጩ "በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል" ብሎ 10 ዓመት ቶኒ ሸጠልኝ። እኔም ለትልቅ ቀን ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ሸሸግኩት። ስድስት ዓመት። የሸሸግኩትን ያህል እንኳ ሆኖ አልተገኘም።

ደረጃ 2፦ ከአንድ ቀን በፊት

ኤልቢቪው "ያልተጣራ" የሚል ከሆነ፣ ወይም ቪንቴጅ ከገዛችሁ፣ ጠርሙሱን ከ24 ሰዓት በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። አምቡላው ወደ ታች ይውረድ። ቶኒ አምቡላውን በርሜል ውስጥ ጥሎ ስለመጣ ይህ አያስፈልገውም።

ሙቀቱን ችላ አትበሉ። ሰው "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት" ይላል፤ ማሞቂያ የበራበት የአውሮፓ ሳሎን ግን 22 ዲግሪ ነው፤ ያ ይበዛል። ነጩን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ፣ ደረቁን ቀይና ኤልቢቪውን 16 አካባቢ፣ ቶኒውን ከ12 እስከ 14 አድርጉት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ቀዮቹን ከመቅረባቸው በፊት ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ክተቱ። ፖርት ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል። ያኔ ካቲካላ የሸተታችሁ ይመስላችኋል፤ ጥፋቱ ግን የወይኑ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ቤቱን አዘጋጁ

ለኛ ቤት የሚያስፈልግ ምክር፦ የዚያን ዕለት ዕጣን አታጭሱ። ቡናውም ከቅምሻው በኋላ ይቆላ። ሽንኩርት እየተቁላላ፣ በርበሬ እየሸተተ ወይን መቅመስ ሬዲዮ ተከፍቶ ስልክ እንደማውራት ነው። ሽቶም ይቅር።

መለኪያውን መልሱት። ብርሌም አይሆንም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫችሁን አያስገባም። የሚፈለገው እንደ እንቁላል ታች ሰፍቶ አፉ ጠበብ ያለ፣ እግር ያለው የወይን ብርጭቆ ነው። ለፖርት ትንሽ አነስ ያለው ይሻላል። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ብርጭቆ አዘጋጁ፤ ጎን ለጎን ማወዳደር ያለ ሁለት ብርጭቆ አይሆንም።

ውሃ፣ ጨው ያልበዛበት ነጭ ዳቦና መትፊያ ዕቃ ይቅረብ። መትፋት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ሒሳቡን እዩትና ወስኑ። ከእያንዳንዱ 40 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ አራቱ 160 ሚሊ ሊትር ናቸው፤ ይህ ወደ አንድ ጠርሙስ ተኩል ቢራ አልኮል ይጠጋል። ሰው ደግሞ በ40 አይቆምም። መኪና የሚነዳ ካለ ይትፋ፣ ወይም ቁልፉን ይስጥ።

ደረጃ 4፦ አምቡላ ያለውን አንቆርቁሩ

ይህን ለመማር ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ጀበና የሚያንቆረቁር ሰው አይታችኋል። ቡናው ይስከን ተብሎ ይጠበቃል። መቅዳት ከተጀመረ ደግሞ ጀበናው ሳይቃና ከሲኒ ሲኒ ይሄዳል፤ ከተቃና አተላው ይነሣል።

እንደዚሁ አድርጉ። ቡሹን ጠርሙሱን ሳትነቀንቁ ንቀሉ። ንጹሕ ማንቆርቆሪያ አቅርቡ። ከጠርሙሱ አንገት በስተጀርባ የስልክ መብራት አብሩ። በአንድ ዘንበል ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ መሐል ላይ አታቃኑት። ጥቁር ክር አንገቱ ላይ ሲደርስ አቁሙ። የሚቀረው ሁለት ጣት ያህል ነው። አምቡላው አይጎዳም፤ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ስለሚንኳኳ ነው። ቡሹ ከተፈረፈረ በታጠበና ሽታ በሌለው ሻሽ አጥልሉት።

ደረጃ 5፦ ቅምሻው

ለአራቱም አካሄዱ አንድ ነው። ከነጭ ወረቀት በላይ ዘንበል አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ። ሳታንቀሳቅሱ አሽትቱ፤ ከዚያ አዙራችሁ እንደገና አሽትቱ። ትንሽ ተጎንጩና አየር ስባችሁ አፋችሁ ውስጥ አንከባሉት። ቡና ቀማሾች ከማንኪያ "ፉርር" አድርገው የሚስቡበት ምክንያትና ይህ አንድ ነው፤ መዓዛው ከአፍ ወደ አፍንጫ ይወጣል። ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል እንደሚቆይ ቁጠሩ።

ከነጩ ጀምሩ። የነጩ ሬዶማ ፍሬ ከሸለቆው ከፍ ካለው ወገን፣ ከአሮጌ ወይን ተክሎች ይመጣል። ራቢጋቶና ኮዴጋ የሚባሉ የአገሩ ዝርያዎች አሉበት። የሎሚ ልጣጭ፣ ትንሽ ጭስ፣ ዝናብ የነካው ድንጋይ ፈልጉ። ምራቅ መምጣቱን ልብ በሉ፤ ያ አሲዱ ነው። አሲዱን አሁን ካላወቃችሁት በኋላ ከፖርቱ ስኳር ሥር ተደብቆ ስታገኙት አትለዩትም።

ቀጥሎ ደረቁ ቀይ። ፕሪም፣ የበሰለ እንጆሪ፣ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። ሲዋጥ ድድን ያደርቃል። ያልበሰለ ሙዝ የነከሰ ወይም በጣም የከረረ ሻይ የጠጣ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ታኒን ይባላል። ከልጣጩ ነው የሚመጣው። በሺስት፣ ማለትም በንብርብር በሚሰነጠቅ ድንጋይ እርከን ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ የበቀለ ፍሬ ስለሆነ ልጣጩ ወፍራም ነው። ከዚህ ብርጭቆ ሁለት ጉንጭ አትርፉ።

አሁን ኤልቢቪውን ከደረቁ ቀይ አጠገብ አድርጉና መጀመሪያ ሁለቱንም አሽትቱ። የምሽቱ ዋና ነገር ይኼ ነው፤ አትቸኩሉ። ያው ፕሪም፣ ያው እንጆሪ አለ። ግን አንዱ ትኩስ ፍሬ ነው፣ ሌላው ማርማላታ። ዝርያዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፦ ቱሪጋ ናሲዮናል፣ ቱሪጋ ፍራንካ፣ ቲንታ ሮሪዝ። አንዱ ጠጅ እስኪሆን ተተወ፣ ሌላው መንገድ ላይ በአረቄ ቆመ። ስትቀምሱት ታኒኑን ፈልጉት። እዚያው አለ፤ ስኳሩ ስለለበሰው ነው ድዳችሁ ላይ ቀስ ብሎ የሚደርሰው። አልኮሉ ደረት ያሞቃል እንጂ ጉሮሮ መላጥ የለበትም።

አሁን ያተረፋችሁትን ደረቅ ቀይ ቅመሱ። ቀጭንና ኮምጣጣ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ወይኑ አልተበላሸም፤ ምላሳችሁ ነው የተታለለው። ደረቁ ከጣፋጩ በፊት የሚቀርብበት ምክንያት ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ በራሱ ላይ ያየ ሰው ደግሞ አይረሳውም። ዳቦ ቁረሱ፣ ውሃ ጠጡ፣ አምስት ደቂቃ ዕረፉ።

መጨረሻ ቶኒ። ቶኒን ከኤልቢቪ ወይም ከቪንቴጅ በፊት የሚያቀርቡ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ቶኒ አፍ ላይ በጣም ስለሚቆይ ከኋላው የሚመጣው ሁሉ ልጅ ይመስላል። ቀለሙን ከኤልቢቪው ጋር አስተያዩት፦ አንዱ ጥቁር ቀይ፣ ሌላው ጠርዙ ላይ የማር ቀለም የያዘ። አፍንጫ ላይ የተቆላ ለውዝ፣ ደረቅ በለስ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ሊያር ጥቂት የቀረው ስኳር። ታኒኑ የት ሄደ? በርሜሉ ውስጥ በዓመታት ብዛት ለዝቧል። አሲዱ ግን አለ። ነጩ ላይ ያወቃችሁትን የምራቅ ስሜት አስታውሱ። እሱ ባይኖር ቶኒ ሽሮፕ በሆነ ነበር።

የሚሸተት ነገር ካጣችሁ አትጨነቁ፤ "ምን ያስታውስሃል?" ተባባሉ። አንድ ጓደኛዬ ቶኒውን አሽትቶ "የአያቴ ሣጥን" አለ። ሳቅንበት። መልሰን ስናሸተው እውነቱን ነበር፤ አሮጌ እንጨት፣ ደረቅ ፍሬ፣ ትንሽ ቅርንፉድ። ነገር ግን እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተታችሁ ቡሹ ወይኑን አበላሽቶታል፤ ጠርሙሱን ወደ ሱቁ መልሱት።

ደረጃ 6፦ ከምን ጋር?

ምግቡ ከቅምሻው በኋላ ይምጣ። ደረቁ ቀይ የበግ ጥብስ ይወዳል፤ በርበሬ ከበዛ ግን ታኒኑና ቃጠሎው ይጣላሉ። ኤልቢቪ ከጥቁር ቸኮሌትና ጨው ካለው ጠንካራ አይብ ጋር ይሄዳል። ፖርቱጋሎች ሴራ ዳ ኢሽትሬላ የሚባል ለስላሳ የበግ አይብ ያቀርቡለታል። ቶኒ ለውዝና በለስ ካለ ሌላ አይጠይቅም። ነጭ ፖርት ካላችሁ ደግሞ ለእንግዳ መቀበያ ይሁን፦ በረዶ፣ ቶኒክ ውሃ፣ የሎሚ ቁራጭ።

ደረጃ 7፦ የተረፈው

ሁሉንም ዛሬ መጨረስ የለባችሁም። ደረቁ ነጭና ቀይ ቡሻቸው ተመልሶ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያሉ። ኤልቢቪ አራት አምስት ቀን። ቪንቴጅ ከተከፈተ በአንድ ሁለት ቀን ይጠጣ፤ ሙሉ ዕድሜውን አየር ሳያውቅ የኖረ ነውና ቶሎ ይደክማል። ቶኒ ከአየር ጋር ያረጀ ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ሳምንት ይቆማል።

የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ በፕላስተር ጻፉ። እኔ ቤት ፍሪጁ በር ላይ "መስከረም 12" የሚል ቶኒ አለ፤ እስከ ጥቅምት አጋማሽ አይደርስም።